ፓስፖርቱና ዲፕሎማው እንዳይጣሉ

ይህ ጽሑፍ ኮምቦልቻ ላይ፣ ለስልጠና ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ለሚዘጋጁ ወጣት ባለሙያዎችና ለቤተሰቦቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። ሐረጎን ወርዳችሁ ከደሴ የመጣችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶችም አያለሁ። በጣም ደስ ብሎኛል፤ ከምናገረው ውስጥ ብዙው እናንተንም ይመለከታል።

ስለ ቪዛ ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ብዙዎቻችሁ ከኤምባሲው በር የምጀምር መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን ከስማችሁ ነው የምጀምረው።

የአባቴ ስም መሐመድ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አባቱ ወይም አያቱ መሐመድ የሚባል እጁን ያውጣ ብል፣ ብዙ እጅ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ይህ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ስንት መልክ እንዳለው አስባችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ጸሐፊ መጀመሪያው ላይ «ኦ» ያደርጋል፣ ሌላው «ዩ»። አንዱ መሃሉ ላይ አንድ «ኤም» ይበቃዋል ይላል፣ ሌላው ሁለት ይደረድራል። መጨረሻው ላይ «ኢ» የሚጽፍ አለ፣ «ኤ» የሚጽፍም አለ። የእኔ ፓስፖርት በአንድ ኤም ነው። ዲግሪዬ በሁለት። ይህን ለስድስት ዓመት አላየሁትም። ዲግሪው ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ፓስፖርቱ ቁምሳጥን ውስጥ። ጎን ለጎን አስቀምጬ አንብቤያቸው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ህንድ አገር የሦስት ወር የማሽን ጥገና ስልጠና አገኘሁ። የመሥሪያ ቤቴ የድጋፍ ደብዳቤ ስሜን ከዲግሪዬ ገልብጦ ጻፈ። የቪዛ ቅጹን እኔ ከፓስፖርቴ እያየሁ ሞላሁ። ሁለቱ ወረቀት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ሁለት ሰው ሆንኩ። ሁለቱም ስም የእኔ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከተማርኩበት ተቋም ለማምጣት ስመላለስ ሦስት ሳምንት አለፈ። ስልጠናው ተጀመረ። ቦታዬን ሌላ ሰው ወሰደው። ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሱ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ገባ፤ መስኮቱ ሲጨልም የራሴን ፊት አየሁ። ያን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። በማግስቱ ዓመት እንደገና አመልክቼ ሄድኩ። ሁሉም ሰው ግን ሁለተኛ ዕድል አያገኝም። እዚህ የቆምኩት ለዚህ ነው።

የቪዛ ሠራተኛው እናንተን አያውቃችሁም። ጨዋ ቤተሰብ ውስጥ ማደጋችሁን አያውቅም። ሥራችሁን ስትወዱ አላያችሁም። ፊቱ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቶቻችሁ ሁሉም ስለ አንድ ሰው ከመሰከሩ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። እርስ በርስ ከተጣሉ ግን እናንተ ተገኝታችሁ የምታስታርቁበት ጊዜ ላይሰጣችሁ ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ሰነዶቻችሁን አንድ ላይ ዘርጓቸው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፋይዳ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) የወሰዳችሁ ምስክር ወረቀቱን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ፓስፖርት። ስሙን ፊደል በፊደል አንብቡት። የእናንተን፣ የአባትን፣ የአያትን። ፓስፖርት ገና ያላወጣችሁ በጣም ዕድለኞች ናችሁ። ደሴ ላይ ያለው የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ከመሄዳችሁ በፊት ስማችሁ በዲፕሎማችሁ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ያዙ። ሲመዘገብ ቆማችሁ እዩ። ሠራተኛውን «ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ሁለት ኤም ነው» ማለት ነውር አይደለም።

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ንብረትም ወረቀትም የጠፋባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ ሥራው እጥፍ ነው። ምትክ ሰነድ ለማግኘት ወር ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል። የስልጠና ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ። ማስታወቂያው ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ጥቂት ሳምንት ነው። ያ ጊዜ ለማመልከቻው ራሱ እንኳ አይበቃም።

ሁለተኛው ጠብ የልደት ቀን ነው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚያንስ ሁላችንም እናውቃለን። መቼ ሰባት፣ መቼ ስምንት እንደሆነ ግን ብዙ ሰው ያደናግረዋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሃያዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተወለደ ሰባት ይደምራል። የፈረንጆቹ ጃንዋሪ ከገባ በኋላ የተወለደ ስምንት። ጥር 11 ቀን 1994 በጥምቀት ዕለት የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ቀን 2002 ነው የተወለደችው። በችኮላ ሰባት ደምሮ 2001 ያለ ሰው አንድ ዓመት ጨመረባት። እንዲህ የሆነች ልጅ አውቃለሁ። አንዱ ሰነዷ 2001፣ ሌላው 2002 ይል ነበር። የዕድሜ ገደብ ያለው ስልጠና ላይ ይህ ጨዋታ አይደለም። ቀኑን አንዴ በትክክል ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀይራችሁ፣ ከዚያ በኋላ የትም ቦታ ያንኑ ጻፉ።

ሰዓትም አለ። ሰዓትን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። የኤምባሲ ቀጠሮ ወረቀት ላይ 8፡00 ከተባለ በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ከደሴ ሄዶ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በሩ ላይ የደረሰ ልጅ አይቻለሁ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፋይሉን ታቅፎ። ጥበቃው «ቀጠሮህ ጠዋት ነበር» ሲለው ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። የአውሮፕላን ትኬት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ትኬቱ «ረቡዕ 00፡40» ካለ፣ አውሮፕላኑ የሚነሳው እኛ ማክሰኞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ከአርባ በምንለው ሰዓት ነው። ረቡዕ ማታ ሻንጣ ይዞ የሚሄድ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

አሁን ወደ ቪዛው ራሱ ልግባ። ለስልጠና የምትሄዱ ከሆነ የስልጠና ወይም የትምህርት ቪዛ ነው የምትጠይቁት። «በቱሪስት ግባ፣ እዚያ ትቀይረዋለህ» የሚላችሁን አትስሙ። ይህን የሚል ሰው አብሯችሁ አይሄድም።

አውሮፓን ልውሰድ፤ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ እሱ ነው። ስልጠናው እስከ 90 ቀን ከሆነ የሼንገን አጭር ቪዛ ነው፤ ሼንገን ማለት በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ ነው። ከዚያ ከበለጠ የአገሩ ብሔራዊ ቪዛ ይሆናል፤ እሱ ሌላ ሕግ ነው ያለው። ለሼንገን ፓስፖርታችሁ ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቆይ መሆን አለበት። ሁለት ባዶ ገጽም ይኑረው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ክፍያው ከ2024 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም።

አሁን የምነግራችሁን ጻፉት። በሚያዝያ 2016፣ በእነሱ አፕሪል 2024፣ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ አሠራሩን አጠበቀ። ምክንያቱ እዚያ ያለ ፈቃድ የቆዩ ዜጎችን በመመለስ ጉዳይ ላይ ከመንግሥታችን ጋር አለመግባባታቸው ነው። እናንተ በዚህ ውስጥ የላችሁበትም። ዋጋውን የምትከፍሉት ግን እናንተ ናችሁ። ለሌላው 15 ቀን የሆነው የውሳኔ ጊዜ ለእኛ 45 ቀን ሆነ። ደጋግሞ መግባት የሚያስችል ቪዛም ቀረ። ምን ማለት መሰላችሁ? ጀርመን ስልጠና ላይ ሆናችሁ ቅዳሜና እሑድ ከሼንገን ውጭ፣ ለንደን ያለችውን እህታችሁን ልጠይቅ ብትሉ፣ መውጣት ትችላላችሁ፤ መመለስ አትችሉም። ማመልከት ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይፈቀዳል። የግብዣ ደብዳቤው በደረሳችሁ ሳምንት ቀጠሮ ያዙ። አሻራ ስለሚወሰድ ራሳችሁ አዲስ አበባ መገኘት አለባችሁ። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ሊዘጋ ይችላል። ከኮምቦልቻ በረራ አለ፤ እሱም ሊሰረዝ ይችላል። ቀጠሮው ሰኞ ከሆነ እሑድ ማታ ለመድረስ አትነሱ፤ ሐሙስ ወይም ዓርብ እዚያ ሁኑ።

ሌላም አለ። ኢትዮጵያውያን በሼንገን አገር ኤርፖርት ውስጥ ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃሉ። ወደ ሌላ አህጉር ስትሄዱ በፍራንክፈርት ወይም በፓሪስ የሚያልፍ ርካሽ ትኬት ስታገኙ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

አሜሪካ የሚጋበዝ ሰልጣኝ ብዙ ጊዜ የሚሄደው በጄ-1 ቪዛ ነው። የሚቀበላችሁ ድርጅት ዲኤስ-2019 የሚባል ቅጽ ይልክላችኋል። ያለ እሱ ቀጠሮ መያዝ ዋጋ የለውም። በሰልጣኝነት ለመሄድ ዲግሪ ወይም የሙያ ምስክር ወረቀትና ቢያንስ አንድ ዓመት የሥራ ልምድ፣ ወይም ያለ ዲግሪ አምስት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። የስልጠና ዕቅዱ ላይ እናንተም ትፈርማላችሁ። እባካችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። ቃለ መጠይቁ ላይ የሚጠይቋችሁ ከዚያው ነው። የአሜሪካ ሕግ አመልካቹን ሁሉ ተመልሶ እንደማይሄድ ሰው አድርጎ ነው የሚነሳው። የሚመልሳችሁ ነገር መኖሩን ማሳየት የእናንተ ሥራ ነው።

ቻይና ከ180 ቀን በላይ ለሚቆይ ተማሪ ኤክስ-1፣ ለአጭሩ ኤክስ-2 ይሰጣል። በኤክስ-1 የገባ ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ሆቴል ሳይሆን ሌላ ቤት ካረፋችሁ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋ መመዝገብ አለ። ህንድ የምትሄዱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ከፓስፖርታችሁ ጋር እሰሩት። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በጉዞ ዋዜማ የተከተበ እንዳልተከተበ ነው የሚቆጠረው። ያለ ካርዱ የደረሰ ሰው እስከ ስድስት ቀን ተለይቶ ሊቀመጥ ይችላል። አንዴ የተከተበ ግን ለዕድሜ ልክ ነው። ብሪታንያ ከስድስት ወር በላይ የምትቆዩ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አለባችሁ። ይህንንም ቀድማችሁ አስቡት።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር። የባንክ ስቴትመንት ሲጠየቅ ዘመድ አዝማድ ተሯሩጦ አካውንት ውስጥ ገንዘብ ይከታል። በደግነት ነው፤ ወሎ ላይ ሰው ለሰው እንዲህ ነው። ግን ስድስት ወር ሙሉ ሦስት ሺህ ብር ያልሞላበት አካውንት ባለፈው ማክሰኞ ሁለት መቶ ሺህ ብር ከገባበት ሠራተኛው ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል። እውነተኛውን አሳዩ። ዕቁብ ደርሷችሁ ከሆነ ግለጹት። አባታችሁ በሬ ሸጠው ከሆነ የሽያጩን ውል አያይዙ። ወጪውን የሚሸፍነው ጋባዡ ከሆነ ደግሞ ምኑን እንደሚሸፍን በደብዳቤው ላይ ይጻፍላችሁ። ትኬት፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ኢንሹራንስ። ያኔ ደመወዛችሁ ትንሽ መሆኑ አያሳፍርም፣ አያስከለክልምም። የመሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ የሥራ መደባችሁን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምትሠሩ፣ ፈቃድ እንደተሰጣችሁና ስትመለሱ ወደ የትኛው ሥራ እንደምትገቡ ይናገር።

ቃለ መጠይቅን በተመለከተ አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። ልብስ ስፌት ላይ የምትሠራ ጎበዝ ልጅ ናት። ሰው በእንግሊዝኛ የጻፈላትን አንድ ገጽ ሸምድዳ መጣች። «ካፓሲቲዬን ለመገንባት» ምናምን ይላል። ወረቀቱን አስቀምጪና ሥራሽን ንገሪኝ አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ስፌቱ ላይ ክር ሲዘል ምክንያቱን የምፈልገው እኔ ነኝ» አለች። ለምን ይዘላል? ስላት ዓይኗ በራ። መርፌው ደንዞ ወይም ጎብጦ ይሆናል፣ ወይም መርፌውና መንጠቆው የሚገናኙበት ጊዜ ተዛንፏል፤ እጄን ይዛ በጣቴ ላይ አሳየችኝ። እዚህ ማሽኑን እስኪበላሽ እንጠብቃለን፣ እዚያ ግን ሳይበላሽ በፊት እንዴት እንደሚለዩት ማየት እፈልጋለሁ አለች። ይህንኑ በምትችይው እንግሊዝኛ ንገሪያቸው አልኳት። ነገረቻቸው። ቪዛው ተመታላት። ተመልሳ ዛሬ ሌሎችን ታሠለጥናለች።

ደላላው ላይ ስደርስ ድምፄ ከፍ ካለ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሐሰተኛ የባንክ ወረቀት፣ ሐሰተኛ የሥራ ልምድ የሚያዘጋጅ ሰው ከተማችን ውስጥ አለ። ብሪታንያ በማጭበርበር የተያዘን አመልካች ለ10 ዓመት ልትከለክል ትችላለች። በአሜሪካ ሕግ ሆን ተብሎ የቀረበ ሐሰት ዕድሜ ልክ ያስከለክላል። ደላላው ስልኩን ይቀይራል። እናንተ ስማችሁን አትቀይሩም።

ከዚህ የከፋም አለ። «ስልጠና አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ታይላንድ በቱሪስት ቪዛ ግቡ» ተብለው የሄዱ ልጆቻችን ድንበር ተሻግረው ማይናማር ውስጥ በኮምፒውተር ሰው የማጭበርበር ሥራ በግዳጅ ሲሠሩ ከርመዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ከእነዚያ ካምፖች ከወጡት መካከል ኢትዮጵያውያን በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር። የተማሩ ልጆች ናቸው። እንደ እናንተ ኮምፒውተርና እንግሊዝኛ የሚችሉ። የስልጠና ግብዣ ሲመጣላችሁ ለጋባዡ ድርጅት ራሳችሁ ደውሉ፣ ራሳችሁ ጻፉ። አድራሻውን ከደላላው አትቀበሉ። የገባችሁበት አገር ውስጥም ፓስፖርታችሁን «እኛ ጋ ይቀመጥ» ለሚል ቀጣሪ ወይም አስተናጋጅ አታስረክቡ።

እናቶች፣ ሻንጣው ላይ ልምጣ። ቅቤውን አውጡት። ቋንጣውንም። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ አያስገባም። አሜሪካም በሥጋ ላይ ጥብቅ ነው። ስትነጥሩት ያደራችሁበት ቅቤ ኤርፖርት ላይ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል ልጃችሁ ቆሞ ያያል። ሽሮና በርበሬ በደንብ ታሽጎ፣ ምን እንደሆነ ተጽፎበት የተሻለ ነው። እሱንም ቢሆን የአገሩን ደንብ አይታችሁ።

ጫት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። እዚህ ገበያ ላይ እንደ ጎመን ስለሚሸጥ ሌላም ቦታ እንዲሁ እንዳይመስላችሁ። ብሪታንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ከልክላዋለች፣ ቻይናም በዚያው ዓመት። ብዙ አገር እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚቆጥረው። ለቃሚ ጓደኛ አንዲት እስር ይዤ ልሂድ ያለ ልጅ እስር ቤት ሊገባ ይችላል።

አደራ ዕቃም እንዲሁ። «ሐደራ፣ ይህችን ለልጄ አድርሺልኝ» ሲባል እምቢ ማለት ለእኛ ከባድ ነው። ግን ሻንጣው ውስጥ የተገኘው ሁሉ የእናንተ ነው። የምትቀበሉ ከሆነ ሰውየው ፊት ፍቱት፣ አንድ በአንድ እዩት፣ ራሳችሁ ዕሸጉት። ይህን የሚቀየም ሰው ካለ ይቀየም።

ጥያቄ አላችሁ ወይ ስል አንዲት ልጅ ስለ ፎቶ ጠየቀችኝ፤ ሂጃብ ያስወልቁኛል ወይ ብላ። በሃይማኖት ምክንያት የሚደረግ መሸፈኛ በብዙ አገር ይፈቀዳል። ፊት ግን ከአገጭ እስከ ግንባር መታየት አለበት፤ ጥላም አይጣልበት። መጠኑ ይለያያል። ሼንገን 35 በ45 ሚሊ ሜትር፣ አሜሪካ 2 በ2 ኢንች፣ ማለትም 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ፒያሳ ያለው ፎቶ ቤት «የቪዛ ፎቶ» ሲላችሁ የየትኛው አገር ብላችሁ ጠይቁት።

አንድ አባት ደግሞ ቆመው «ልጄ ተከለከለ፤ አለቀለት ማለት ነው?» አሉ። አብሽሩ አባ፣ አላለቀም። ሼንገን ሲከለክል ምክንያቱ ምልክት የተደረገበት ቅጽ ይሰጣል፤ ይግባኝም አለ። ያ ቅጽ አይቀደድም። ቅጹ ልጅዎ እጅ ላይ አለ? አልኳቸው። ቦርሳው ውስጥ ነበር። አጣጥፎ አጣጥፎ ክብሪት አሳክሎታል። አብረን ዘረጋነው። ምልክቱ ያለው የጉዞው ዓላማ በበቂ አልተገለጸም የሚለው ላይ ነው። የግብዣ ደብዳቤውን አየነው፤ ስልጠናው የሚጀመርበት ቀን አለ፣ የሚያልቅበት የለም። ልጁ ዛሬውኑ ለጋባዡ ኢሜይል ይጽፋል።

በመጨረሻ ለሁሉም እንዲህ አልኩ፦ እኔ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚህ ነኝ። ፓስፖርትና ዲፕሎማ የያዛችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ይህቺ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በመሐመዶቹ እንጀምር።